«ማን አየ?» ለሚል ሕፃን መልስ ያጣ መጽሐፍ

ባለፈው ክረምት ፍላቂት ከቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ ታናሽ እኅቴ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ትምህርቷን በቃሏ ወጣችልኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ያደረጉ ጀግና ንጉሥ ናቸው፤ ሴባስቶፖል የሚባል መድፍ አሠሩ፤ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ሦስት ዐረፍተ ነገር፤ አንድ ቃል አልሳተችም። «እሺ፣ መድፉ በየት በኩል አድርጎ መቅደላ ደረሰ?» አልኋት። ዝም አለች። «በዚሁ በእኛ አገር፣ በመቄትና በዋድላ ደጋ አድርጎ ነው» ብላት ዐይኗን አፍጥጣ «ማን አየ?» አለችኝ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህች ጽሑፍ የተነሣችው ከዚህች ጥያቄ ነው። ልጅቱ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ነገር ላይ በክፍሏም ጠይቃ ኖሯል። የተሰጣት መልስ «መጽሐፉ ያለውን ጻፊ» የሚል ነበር። መምህሩን አልወቅስም። በእጁ ከዚያች መጽሐፍ በቀር ሌላ ነገር የለውም፤ መጽሐፏም «ማን አየ?» ለሚል ሰው መልስ የላትም። የምወቅሰው መጽሐፍ የሚጻፍበትን ልማድ ነው፤ ያንንም ልማድ አይቶ ዝም ያለውን ምሁር ነው፤ ምሁር ስል ደግሞ እኛንም ጨምሬ ነው።

ነገሬን በአጭሩ ላስቀምጥ። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የሚጻፍ የታሪክ መጽሐፍ ከዋናው ማስረጃ መነሣት አለበት። ዋና ማስረጃ የምለው በነገሩ ዘመን የነበረ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ፣ በወንጌል ጠርዝ ላይ የሰፈረውን የርስት ቃል፣ ውልን፣ ፎቶግራፍን፣ ፍልፍሉን ድንጋይ፣ በዐይኗ ያየችውን የአሮጊት እናት ቃል ነው። ልጁ ማስረጃውን ይይ፤ ይዳስስ፤ ማን እንደጻፈው፣ መቼና ለምን እንደጻፈው ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ደራሲው አስተያየቱን ይስጠው። ዛሬ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፍርዱ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ምስክሩ አይቀርብለትም። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ በየትኛው አገር ነው የሚመሰገነው? እኛ ግን ልጆቻችንን በየዓመቱ እንዲህ ያለ ዳኝነት እናስተምራቸዋለን።

ነገሩ ለ9ኛ ክፍል ይቆይ የሚል ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። በሥርዓተ ትምህርታችን ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ የሚመጣው በ9ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በታች በአካባቢ ሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ዳሩ ግን ከገጠር ልጆች ስንቱ ነው 9ኛ ክፍል የሚደርስ? የመቄት እረኛ ስለ አገሩ ከመጽሐፍ የሚማረው በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያን ጊዜ ያልጠየቀ ልጅ በኋላ የሚነገረውን ሁሉ ይቀበላል፤ ወይም የሚነገረውን ሁሉ ይጥላል። ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው።

ነቀፋ ብቻውን ዋጋ የለውም። እስቲ ለመቄት፣ ለዋድላና ለላስታ ልጆች ምን ዐይነት መጽሐፍ ሊጻፍ እንደሚችል ላሳይ።

የመጀመሪያው ትምህርት መንገዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት ያሠሩትን ከባድ መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ፣ በጨጨሆ ወጥተው፣ የዋድላን ደጋ አልፈው፣ የዥጣን ገደል ወርደውና ወጥተው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ዛሬ በአውቶቡስ ጥቂት ሰዓት የሚፈጀውን አገር እሳቸው ድንጋይ እያስፈለጡ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጀባቸው። ማን አየ? ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ሚሲዮናዊ ዋልድማየር አየ፤ ያየውንም ጻፈ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሊቅ ማርክሃም ንጉሡ ያስጠረጉትን መንገድ ደርሶበት አየ፤ እሱም ጻፈ። አለቃ ወልደ ማርያም የንጉሡን ዘመን ታሪክ በአማርኛ ጻፉ፤ መጽሐፋቸውም በፓሪስ ታተመ። አንዱ የንጉሡን እንጀራ የበላ ፈረንጅ፣ አንዱ ከጠላት ጦር ጋር የመጣ፣ አንዱ የአገር ሰው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልጁን «የትኛው ምን ሊያይ ቻለ? የትኛውስ ምን ሊደብቅ ይችላል?» ማለት ነው። ከዚያም ወደ ውጭ አውጥቶ ገደሉን ማሳየት ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ላይ ቆሞ ያንን አሮጌ መንገድ በዐይነ ሕሊናው እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ንጉሡ ለመድፋቸው ያስጠረጉት የዥጣ መንገድ ለእንግሊዝ ጦር ማለፊያ መሆኑን ያነበበ ልጅ፣ ታሪክ የጀግና ስም ዝርዝር ብቻ አለመሆኑን ያለ ሰባኪ ይረዳዋል።

የዚያው ትምህርት ጅራት መራራ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከመቅደላ የተዘረፈው ዕቃ በዚህ በጎረቤታችን በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬም ለንደን ናቸው። የደላንታና የመቄት ልጅ ስለዚህ ሐራጅ የማይማርበት ምክንያት ምንድን ነው? ማስረጃው ከአገር ሲወጣ በደጁ ያለፈበት ልጅ የማስረጃን ዋጋ ከማንም በላይ ሊያውቅ የሚገባው ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ላሊበላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደሚቆጣ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም እላለሁ። ለልጆች የሚነገረው ቅዱሱ ንጉሥ በመላእክት እርዳታ ቤተ ክርስቲያናቱን ማነጻቸው ነው። ይህ የገድሉ ቃል ነው፤ የአባቶቻችን እምነት ነው፤ በእሱ ላይ የምሳለቅ አይደለሁም። ነገር ግን ገድሉ ከንጉሡ ዕረፍት በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ የተጻፈ መሆኑን ልጁ ማወቅ አለበት። ከንጉሡ ከራሳቸው ዘመን የመጣ ጽሑፍም እንዳለ ማወቅ አለበት። ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ውስጥ ንጉሡ የሰጡት የርስት ቃል ተጽፏል፤ የንግሥቲቱም የመስቀል ክብራ ስም አለበት። ሦስተኛ ምስክር ደግሞ አለ። በ1520ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬስ ቤተ ክርስቲያናቱን እየዞረ ከጻፈ በኋላ፣ አገሬ ሰዎች አያምኑኝም ብሎ ስለ ፈራ በእግዚአብሔር ስም ምሎ እውነቴን ነው አለ። መጽሐፉ በሊዝበን በ1540 ታተመ። አራተኛው ምስክር ድንጋዩ ራሱ ነው። የሥነ ቅርስ ሊቁ ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፍልፍሎቹ በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ ያለቁ ሳይሆኑ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ናቸው ብለው ተከራክረዋል። ልጁ እነዚህን አራቱን ቢሰማ እምነቱ ይጠፋልን? እኔ አይመስለኝም። እንዲያውም ይህን ሥራ የሠሩት ጠራቢዎች መዶሻ የያዙ፣ እጃቸው የሻከረ የላስታ ሰዎች መሆናቸውን ያስተውላል። የእኛ አያቶች እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ይችሉ እንደነበር ማወቅ ለደሃ ገበሬ ልጅ ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ሦስተኛው ትምህርት ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ በወሎ ምድር የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ መሆኑን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። የውሉን ቃል ግን ከመካከላችን ስንቱ አይቶታል? አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ግዴታ አደረገው። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ ነውን? መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ከእኔ ጋር ገበያ መሄድ ትችላለህ»፤ «ከእኔ ጋር ገበያ ልትሄድ ተስማምተሃል»። ልጆቹ ልዩነቱን ከኛ ፈጥነው ይነግሩታል። ከዚያ ወዲያ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የፈሰሰው ደም ከአንድ ቃል ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ሲረዱ፣ ሰው የሚፈርመውን ወረቀት አስቀድሞ ማንበብ እንዳለበትም አብረው ይማራሉ። ማንበብ ለማይችል ገበሬ ልጅ ይህ ትምህርት ለዕለት ኑሮው ይጠቅመዋል።

አራተኛው ትምህርት ከሰማይ የወረደው ወረቀት ነው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ ከበጌምድር ተነሥተው ወደ ደብረ ዘቢጥ ሲዘልቁ፣ የመንግሥት አውሮፕላን በጦራቸው ላይ መጀመሪያ የበተነው ወረቀት ነበር፤ ራሱን ተከትሎ የሚዋጋ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል። ቦምቡ ኋላ መጣ። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ ላይ ራሱ ወደቁ። አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ ወታደር ያንን ወረቀት ሲያነብ ወይም ሲነበብለት ምን ተሰማው? ወረቀቱን ማን አስጻፈው? ራሱስ መልስ የሚያትሙበት ማተሚያ ነበራቸውን? ለዛሬ ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት የለም፤ ዛሬም በየስልኩ ላይ ከሰማይ የሚወርድ ወረቀት ሞልቷልና። ላኪውን መጠየቅ ያልለመደ ልጅ የመጣለትን ሁሉ እንደ ግዝት ቃል ይቀበላል።

አምስተኛው ትምህርት በልጁ ቤት ውስጥ ነው። በወሎ «ሰባ ሰባት» ሲባል ማንም ሰው ዓመተ ምሕረቱን አይጠይቅም። ያን ረሀብ ያየች አያት በስንቱ ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጣለች። ማን ሞተ? ማን ወደ ሰፈራ ተጫነ? ከጋምቤላ፣ ከአሶሳ ወይም ከመተከል ማን ተመለሰ? ማን እዚያው ቀረ? ልጁ እርሳስና ወረቀት ይዞ ይጠይቅ፤ የሰማውን ይጻፍ፤ ጎረቤቱ ከጻፈው ጋር ያስተያይ። ከዚያ በፊት በነበረው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ መንግሥት ዝም ሲል፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ወሎ ወርደው በፎቶግራፍ ያነሡትን ማስረጃ አምጥተው ነበር፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ያሳየው የዲምብልቢ ፊልም ደግሞ ነገሩን ለዓለም ገለጠው። አንድ ፎቶግራፍ ከመቶ የመንግሥት መግለጫ ይልቅ እንደሚናገር ከዚህ ይማራል።

አያቶቹ ግን አይጠብቁንም። አንዲት አያት ባረፈች ቁጥር አንድ መጽሐፍ ሳይጻፍ ይቀበራል። ብራናውና መዝገቡም አይጠብቀንም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በመቄትና በላስታ ሲያልፍ በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደረሰባቸው፤ ከጠፋው ነገር ሁሉ ወረቀት የሚቈጥር ሰው የለም። ስለዚህ «ጊዜ ሲገኝ» የሚለውን ቃል እንተወው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ «ሕፃን ልጅ ይህን አይችልም» ይላሉ። ከብት የጠፋበት የ10 ዓመት እረኛ ኮቴውን አይቶ፣ ፋንድያውን ነክቶ፣ መንገደኛ ጠይቆ፣ የመንገደኛውን ቃል ከኮቴው ጋር አስተያይቶ ከብቱን ያገኛል። የታሪክ ምርመራ ከዚህ የተለየ ምን አለው? በአሜሪካ ሜሪ ሼልደን ባርንስ የተባለች መምህርት ምንጮችንና ጥያቄዎችን ያቀፈ የታሪክ መጽሐፍ ለተማሪዎች ያሳተመችው በ1885 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውጫሌ ገና ሳይፈረም ማለት ነው። አዲስ ነገር አልጠየቅንም፤ የዘገየ ነገር ነው የጠየቅን።

ሁለተኛዎቹ «ጥርጣሬ ካስተማርናቸው አንድነት ይፈርሳል» ይላሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ጥያቄ የተከለከለ አንድነት የቱን ያህል ዕድሜ እንዳለው አይተናል። በ1945 በፈረንጅ አቆጣጠር ጃፓን በጦርነት ስትሸነፍ ሕፃናቱ ትናንት በቃላቸው ያጠኑትን ዐረፍተ ነገር በመምህራቸው ትእዛዝ በጥቁር ቀለም እንዲደልዙት ተደረጉ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ የትኛውን መጽሐፍ ያምናል? እኛም አገር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የልጆች መጽሐፍ ይለወጣል፤ የትናንቱ ጀግና የዛሬ ጨቋኝ፣ የትናንቱ ሽፍታ የዛሬ ጀግና ይሆናል። ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር ታሪክ የባለሥልጣን ንብረት መሆኑን ብቻ ነው። የቴዎድሮስ ደብዳቤ ግን መንግሥት ቢለወጥ አይለወጥም። የውጫሌ ቃል አይለወጥም። ደራሲው ቢሳሳት ወይም ቢፈራ እንኳ ማስረጃው ከጎኑ ታትሞ ስላለ ልጁ አድጎ ሊያርመው ይችላል። ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የሚሆነው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ማስተማሪያ ሲዘጋጅ ሊቃውንቱ ስንት ክርክር እንዳደረጉ ሰምተናል። ክርክሩ ለሊቃውንት ተፈቅዶ ለልጅ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው? ተከራክሮ መኖርን በሕፃንነቱ ያልተማረ በምን ዕድሜው ይማረዋል?

ሦስተኛዎቹ «ምንጭም ይዋሻል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይዋሻል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ የንጉሡን እንጀራ ይበላል፤ ፈረንጁ ተጓዥ ያልገባውን ይጽፋል፤ አያትም ትረሳለች። ነገር ግን ምንጭ መዋሸቱን የሚያጋልጠው ሌላ ምንጭ ነው እንጂ ምንጭ የሌለው መጽሐፍ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው ታሪክ ለመጻፍ አስተዋይ አእምሮ፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልግ፣ የእኛ ጸሐፊዎች ግን በሦስቱም እንደሚጎድሉ ከመቶ ዓመት በፊት ወቅሰዋል። ወቀሳው እስካሁን ባለቤት አላጣም።

የመጨረሻዎቹ «ገንዘብ የለም፤ መጽሐፉም ለልጅ ቋንቋው ይከብዳል» ይላሉ። ቋንቋው ከከበደ በጎኑ ማብራሪያ ይጻፍ፤ ልጁ የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግም አገር ልጅ መሆኑን አንርሳ። ደብዳቤዎቹም የጠፉ አይደሉም። በስቬን ሩቤንሰን የተሰበሰቡት የ19ኛው መቶ ዓመት ደብዳቤዎችና ውሎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትና በስዊድን ታትመው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር በራቸው ክፍት ነው። የጎደለው ከመደርደሪያው አውርዶ ለፍላቂት ልጅ በሚገባው መልክ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ያ ሰው ማን ነው? እኛ ነና!

ወንድሞችና እኅቶች፤ ራሳችንንም እንመልከት። እኛ ከዚያው የቃል ጥናት ወንፊት የወጣን ነን። በመኝታ ቤታችን ስለ ታሪክ ስንጣላ የሚጣላው ማስረጃችን ሳይሆን በልጅነታችን ያጠናነው ነው። አንዱ ካባቱ ቤት የሰማውን፣ ሌላው ከስልኩ ያነበበውን ይዞ ይጮኻል፤ «የት አገኘኸው?» የሚል የለም። በዚህ ጩኸት ምክንያት በግቢያችን ስንት ወንድም ከወንድሙ እንደተቀያየመ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጉዳዩ የሕፃናት ብቻ አይደለም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፤ ከታሪክ፣ ከቋንቋና ከመምህርነት ትምህርት ክፍል ጥቂት ፈቃደኞች ተመርጠው፣ ከላይ የጠቀስኋቸውን አምስት ትምህርቶች የያዘች አነስተኛ መጽሐፍ ያዘጋጁ። ሁለተኛ፤ መምህራኖቻችን ጽሑፉን ይመርምሩልን፤ ስሕተታችንንም ያለ ርኅራኄ ይንገሩን። ሦስተኛ፤ ይህችን ጋዜጣ የሚያባዛው ማባዣ መጽሐፊቱንም ማባዛት አይሳነው። አራተኛ፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ጥቂት ቅጂ ይዘን በየመንደራችን ትምህርት ቤት ከመምህሩ ጋር ሆነን እንሞክራት፤ ልጆቹ ከአያቶቻቸው የጻፉትንም ይዘን እንመለስ። የጎጃም ልጅ የጎጃምን፣ የባሌ ልጅ የባሌን፣ የከፋ ልጅ የከፋን ይጨምርበታል። ትምህርት ሚኒስቴር ወይም የክልሉ ትምህርት ቢሮ ወዶ ቢቀበለው መልካም፤ ባይቀበለው ግን ልጆቹ ጥያቄውን ለምደውታልና ወደ ኋላ አይመለሱም።

እኅቴን ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰድኋት። ዋልድማየር ስለዚያ ጉዞ የጻፈውን በራሴ አማርኛ ነገርኋት። ዝም ብላ አዳመጠችና «እሱ ፈረንጅ ነው፤ የጎተቱት ሰዎችስ ምን አሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ያልጠየቅሁትን አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠየቀችው። «ሕፃን አይችልም» የምትሉ ሁሉ፣ እባካችሁ ለዚህች ልጅ መልሱላት።